ጉልበት ከመሳሙ በፊት የሚቆም ሲዲ

አያሌው ሲዲ ይጠግን ነበር ብዬ ብጀምር የሚያውቁት ሁሉ ይስቁብኛል። አያሌው ሲዲ ያክማል፤ መዳን አለመዳኑ የሲዲው የራሱ ጉዳይ ነው። እሱም ቢሆን ከዚህ የበለጠ ቃል ለማንም ገብቶ አያውቅም።

ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ፣ ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚያወራባት ጠባብ ዱካን ነበረችው። በሃያ ዓመቱ በመተማ በኩል የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ካርቱም ገባ፤ መኪና አጠበ፣ ብሎኬት ተሸከመ፣ በመጨረሻ ካሴት የሚያከራዩ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ዘንድ ተቀጠረ። ሽማግሌው ዘመኑ ጥሏቸው መሄዱን ሲያዩ "ኻላስ፣ በቃኝ" ብለው ገጠራቸው ገቡ። መደርደሪያውን፣ አንድ አሮጌ ዴክና ዱካኗን ለአያሌው ተዉለት። ይሄ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምህረት ነው፤ ከተማዋ ገና ሰላም ነበረች። ሰው ሁሉ ፊልሙን በስልኩ እያየ አያሌው ግን ያገለገለ ሲዲ ይሸጣል፣ የሚዘል ሲዲ ያክማል።

ደግሞ ሕክምናው ሥርዓት ነበረው፣ አትቀልዱ። መጀመሪያ የሲዲውን ባለቤት ይጠይቃል፤ መቼ ጀመረው? ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው የሚይዘው? ሲይዝ ጭጭ ይላል ወይስ ይንተባተባል? ቀጥሎ ሲዲውን ወደ ፀሐይ ያነሣል። ብርሃን በቀዳዳ ካሳለፈ "ይሄ አልቆለታል፣ ቅበሩት" ይላል። ካላሳለፈ ለብ ባለ ውሃና በጠብታ ሳሙና ያጥበዋል፤ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ውጭ ይጠርገዋል። ከመሃል ወደ ውጭ! ዙሪያውን የሚጠርግ ሰው ካየ ራሱን ያመዋል። "ዙሪያውን የተጫረ ሲዲ አይድንም፤ የዴኩ ዓይን መንገዱን ስቶ እዚያው ሲዞር ይቀራል" እያለ ለገባ ለወጣው ይሰብካል። ይሄም ካልሆነ የዴኩን ዓይን በጥጥና በአልኮል ይወለውላል፤ ያም ካልሆነ ጎረቤት ሄዶ ሌላ ዴክ ላይ ይሞክራል።

እስከዚህ ድረስ ማንም የሚያከብረው ሙያ ነው። ችግሩ አያሌው እዚህ ላይ ማቆም አይችልም። ቀጥሎ የጥርስ ሳሙና ይመጣል። ከዚያ የሙዝ ልጣጭ፣ ከዚያ ሻማ፣ ከዚያ በፌስታል ጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር። ከዚህ ደረጃ የተረፈ ሲዲ የለም። ራሔል የምትባል የሰፈሩ ጠጉር ሠሪ ሰባተኛ ደቂቃ ላይ ትንሽ የሚይዝ ፊልም ሰጥታው፣ ከሰባተኛዋ ደቂቃ በቀር ምንም የማይሠራ ፊልም ተቀብላለች። አንድ የስብከት ሲዲ ደግሞ ሲገባ ይንተባተብ ነበር፣ ሲወጣ "አሜን" ብቻ የሚል ሆነ። እንዲያም ሆኖ ሰው ይመጣል። ካልዳነ አይከፈልም፤ ዱካኗ ማራገቢያ አላት፤ አያሌው ጨዋታ ያውቃል። እሱ ግን ሰው የሚመጣው ለሙያው ይመስለው ነበር፣ ምስኪን።

አንድ ዓርብ ቀትር ላይ ዘርፈሽ መጣች። ዘርፈሽ ቡሪ በሚባለው ሰፈር አንድ ሰው ቤት የምትሠራ፣ ከተጠየቀችው በላይ የማትመልስ ሴት ናት። ካርቱም ከገባች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ የአራት ዓመት ልጇን ናርዶስን ለታናሽ እህቷ ለወይንሸት ትታ ነው የመጣችው። ናርዶስ አድጋ፣ ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ተዳረች። ዘርፈሽ መሄድ አልቻለችም፤ ኢቃማዋ አልቆ ነበር፤ የመኖሪያ ወረቀት ሳይኖራት ከወጣች መመለሻ የላትም። ልጇ ስትዳር እሷ ቡሪ የሰው ሳህን ታጥብ ነበር። ሰርጉ በሲዲ ተቀርጾ በመንገደኛ እጅ ደረሰላት።

የካርቱም ሐበሾች ማኅበር ለዚህ ለዚህ መላ ነበረው። እናት ወይ አባት ካርቱም ቀርቶ ልጅ አገር ቤት ሲዳር፣ ማኅበርተኛው ሰርጉን እንደገና ይሠራዋል። ድንኳን ይተከላል። ቴሌቪዥኑ አበባ በተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ወላጅ አዲስ ልብስ ለብሶ ፊት ለፊት ይሰየማል። ሙሽራዋ ስክሪኑ ላይ ብቅ ስትል እልልታው ይቀልጣል፤ ሙሽራውን የሚያሙ አሉ፤ ከሚዜዎቹ ጋር ቴሌቪዥን ፊት የሚጨፍሩ አሉ። ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው የወላጅ ጉልበት ስመው ሲያበቁ ግን ሲዲው እንዲቆም ይደረግና ካርቱም ያለው ወላጅ ተነሥቶ ይመርቃል። ምግብ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ እነሱ ሙሴ የሚሉት፣ አቶ ጥጋቡ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። አንድ ጊዜ ምርቃት ሳያልቅ ዳቦ የቆረሰ ሰው የሦስት ወር ጧፍ ተቀጥቷል።

የዘርፈሽ ድግስ ለቀጣዩ ዓርብ ተቆርጧል። ማሻገር አይቻልም፤ ከፋሲካ ወዲህ ያለው ሃምሳ ቀን ሊያልቅ ነው። አሁን ዓርብም ሥጋ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ የሰኔ ጾም ይገባል፣ ድንኳኑም ዶሮውም ለክረምት ይተርፋል።

"ጉልበት መሳሙ ጋ ሲደርስ ይቆማል" አለች ዘርፈሽ ሲዲውን እየሰጠችው።

አያሌው ወደ ፀሐይ አነሣው። አንዲት ቀጭን ጭረት፣ ያውም ዙሪያውን። "እትዬ ዘርፈሽ፣ ይሄን ማን ነካው?"

"ማንም። መንገድ ላይ ይሆናል። አውቶቡሱ ያንገጫግጫል።"

"ክፉ ቦታ ነው የተጎዳው።"

"ካልሆነልህ አትጨነቅ" አለች ፈጠን ብላ። "አትድከም። አልሆነም ብለህ ለአቶ ጥጋቡ ንገረው። ግን የምታውቀውን ሁሉ አድርግበት። የጥርስ ሳሙናውን፣ ሙዙንም። ማቀዝቀዣ ውስጥም ክተተው።"

በሕይወቱ ሙሉ እንዲህ ያለ ደንበኛ አጋጥሞት አያውቅም። ሌሎቹ "እባክህ ሙዝ እንዳታስነካብኝ" ብለው ነው የሚሰጡት። ልቡ በኩራት ተሞላ፤ ሙያውን የሚያምን ሰው በመጨረሻ ተገኘ!

አቶ ጥጋቡ ይህን ሲሰማ በሪክሻ፣ ባጃጅ በምንለው፣ እየበረረ መጣ። "ለአንተ ሰጠችህ?" አለ በሩ ላይ ቆሞ። "ለምን? ቡሪ ውስጥ ደህና የሚጠግን ጠፍቶ ነው? አንተ ሰው፣ መቶ እንጀራ ታዟል እኮ! ሙሽራዋ ካልጎነበሰች ማን ሊበላ ነው?"

"ዓርብ ትጎነብሳለች" አለ አያሌው።

"ካልጎነበሰች ደጃችን እንዳትደርስ።"

አያሌው አራት ቀን ታገለ። አጠበ፣ ወለወለ፣ ዴኩን ፈቶ ገጠመ። ሙሽራዋ ናርዶስ እንደሆነች ቬሏን ሰብሰብ አድርጋ ጎንበስ ልትል ስትል ድርቅ። አንዴ ግማሽ ፊቷ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ አንዴ ሙሽራው ከነከረባቱ ሦስት ቦታ ይቆራረጣል። ሙሽራዋን ለአራት ቀን እዚያው ቦታ ላይ ሲያያት ከመሰንበቱ የተነሣ ወገቧን ያማት መስሎት ያዝንላት ጀመር።

ረቡዕ ጠዋት የጥርስ ሳሙና አወጣ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚበላሸው፣ ወይም የሚያምረው። ሌላ ጊዜ አያሌው አሥር ጊዜ ይፈገፍግና ዴክ ውስጥ ከትቶ ያያል። አልሆነ ሲል ይናደዳል፤ ሲናደድ ሙዝ ይጨምራል። ያን ቀን ግን ገና ሥራ ሲጀምር ከህረባው ጠፋ። መብራት ከሌለ ዴክ የለም፤ ዴክ ከሌለ ማየት የለም፤ ካላየ ደግሞ መናደድ አልቻለም። ምን ያድርግ? በላብ ተጠምቆ ከመሃል ወደ ውጭ፣ ከመሃል ወደ ውጭ ሲፈገፍግ ዋለ። ሙዙን ስለራበው በላው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማራገቢያዋ መዞር ስትጀምር ሲዲውን አጥቦ አድርቆ ከተተው።

አለፈ! ሙሽራዋ ቬሏን ሰብሰብ አደረገች፣ ጎንበስ ማለት ጀመረች፣ ምስሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ። አያሌው የቀረውን ማን ሊያይለት? ዴኩን አጥፍቶ ጮኾ ወጣ። ጎረቤቱ ጂብሪል፣ ቴሌቪዥንና ስልክ የሚሸጥ ሱዳናዊ፣ ሰው የሞተ መስሎት ተሯሩጦ መጣ።

"ዳነ! ጂብሪል፣ ዳነ!"

"ማን?"

"ሲዲው!"

"አንተ ጋ?" አለ ጂብሪል። ከዚያ ነገሩ ሲገባው አቀፈው። "መብሩክ፣ ያ አኺ! ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ስንጠብቅ!"

አያሌው አቶ ጥጋቡ ጋ ደወለ። ራሔል ጋ ደወለ። ስልኩ ውስጥ ያለ ማኅበርተኛ ሁሉ ጋ ደወለ፤ በስሕተት ውሃ የሚያመላልስለት ባለጋሪ ጋም ደውሎ ያው ነገረው። ዘርፈሽ ጋ ሲደርስ የስልኩ ሂሳብ አለቀ።

በማግስቱ ዘርፈሽ ራሷ መጣች። ፊቷ ለቅሶ የደረሰ ሰው ፊት ነው። ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣት፣ ዴኩን አበራ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ።

ሰርጉ ሄደ። ሙሽራዋ ቬሏን ሰብሰብ አደረገች። ጎንበስ አለች። ጉልበቷ ሊሳም የተቀመጠችው ወይንሸት ናት፣ አክስቷ። ናርዶስም ጉልበቷ ላይ ተደፍታ፣ በጠራ ድምፅ፣ "እማዬ" አለች።

ዘርፈሽ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው።

አያሌው ገመዱን ከመሬት አነሣ። "ደግ አይደለም... ማለቴ፣ ገመድ እንዲህ አይነቀልም፣ ዴኩን..."

"እኔ ነኝ የጫርኩት" አለች።

"ምን?"

"በመርፌ። ዙሪያውን። አንተው አይደለህ ዙሪያውን የተጫረ አይድንም ስትል የኖርከው?"

"ታዲያ ለምን እኔ ዘንድ አመጣሽው?"

ዘርፈሽ አንገቷን ደፋች። "አያሌው፣ እንዳትቀየመኝ። አንተ እጅ ገብቶ የዳነ ሲዲ ሰምቼ አላውቅም። ሞክሮ አልቻለም ይባላል፣ ሰውም ያምናል ብዬ ነው።"

ይሄ ነገር አያሌውን እንዴት እንዳደረገው ልንገራችሁ? ቁጭ አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያከማቸው ክብር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናደ፤ ደግሞ ያዋረደችው ሴት ከሱ ብሳ እያለቀሰች መናደድም አልሆነለት። "የዳኑ አሉ" አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። "አንድ የልጆች ሲዲ ድኗል።"

"እኔን ዘርፌ ነው የምትለኝ" አለች ዘርፈሽ አፍንጫዋን በነጠላዋ እየጠረገች። "ስልክ ስደውል ዘርፌ፣ ዘርፍዬ። ግድ የለም፣ ወይንሸት ነች ያሳደገቻት፤ ይገባታል፣ እግዜር ይስጣት። ግን ነገ ሃምሳ ሰው ፊት ተሰይሜ፣ ልጄ ሌላ ሰው እማዬ ስትል እያየሁ ተነሥቼ ልመርቅ? ምን ብዬ ነው የምነሣው?"

"እንግዲያው ስበሪው።"

"እንዴት አድርጌ ነው የምሰብረው? ፊቷን ካየሁ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው! ጭፈራዋ አለ፣ ስትስቅ አለች፣ ከቤት ስትወጣ አለች። እጄ ላይ ሳለ በቀን ሦስት ጊዜ ነበር የማየው።" እጁን ያዘችው። "ያቺን ብቻ አቁምልኝ። ልትጎነብስ ስትል ትቁም፣ እንደ በፊቱ። እኔ የቆመችውን እመርቃታለሁ፤ ሰው ይበላል፤ ያልቃል። ትችላለህ?"

ልብ አድርጉልኝ እንግዲህ። ሲዲ እንዳይቆም ሲለፋ የኖረ ሰው፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ በተሳካለት በማግስቱ፣ በልክ እንዲያቆም ታዘዘ። እምቢ ማለት ነበረበት። ግን የሴትዮዋን ዓይን አየና "ኢንሻአላህ" አለ።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሲዲ ከመሃል ወደ ዳር ነው የሚነበበው፤ ስለዚህ አያሌው የሰርጉን ርዝመት በደቂቃ ጻፈ፣ የሲዲውን ስፋት በክር ለካ፣ ክሩን በደቂቃው ልክ አጣጥፎ ነጥብ አደረገ። ተማሪ ቤት ሳለ በሒሳብ ተቀጥቶ የወጣ ሰው ነው። መርፌውን ሊያሳርፍ ሲል፣ ዶክተር ነኝ ሲል ኖሮ መርዝ ሊያጠጣ የተጠራ ሰው ሆነ። ዓይኑን ጨፍኖ ጫረው። ዴኩ ውስጥ ከተተው።

ናርዶስ ቬሏን ሰብሰብ አደረገች፣ ጎንበስ ልትል አለች፣ ቆመች። ልክክ! እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ዘርፈሽ እጁን ሳመችው። እሱ ግን ደስ አላለውም፤ ብቻውን ሲቀር ሲዲውን እያገላበጠ "ማዕሌሽ፣ ይቅርታ" ሲለው ቆየ።

ዓርብ ደረሰ። ድንኳኑ አቶ ጥጋቡ ግቢ ውስጥ ተተክሏል፤ ድስቶቹ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ጥግ ተደርድረዋል፤ ሙሴው ራሱ አጠገባቸው ቆሞ ይጠብቃል። ዘርፈሽ ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ፊት ለፊት ተሰይማለች። ተረጋግታለች። አያሌው አሮጌ ዴኩን በፎጣ ጠቅልሎ አምጥቶ ገና ገመድ ሲቀጥል፣ ጂብሪል ከነወንድሙ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥንና የሚያብረቀርቅ ዴክ ተሸክሞ ገባ።

"ይህን ቆሻሻ አንሣ!" አለ ጂብሪል፣ አማርኛው ከአያሌው የተማረው ነው። "ለሙሽራ እናት አዲስ ነው የሚገባት! ከዱካኔ ከነካርቶኑ ያወጣሁት ነው።"

አያሌው ገመዱን አልለቅ አለ። አንድ ዴክ ላይ የሚይዝ ሲዲ ሌላው ላይ ሰተት ብሎ እንደሚያልፍ ከሱ በላይ ማን ያውቃል? "የኔ ይሻላል" አለ። "ሲዲው ለምዶታል።"

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

"ሲዲ ይለምዳል እንዴ?" አለ አቶ ጥጋቡ። "ያላ፣ ዞር በል፤ ወጡ ሳይቀዘቅዝ እንጀምር።"

የቀረው ተስፋ ከህረባው ነበር። ካርቱም ውስጥ በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠፋ መብራት ለአንዲት ምስኪን ሴት አንድ ጊዜ ቢጠፋላት ምን ነበረበት? አያሌው ዓይኑን አምፖሉ ላይ ተክሎ ተሳለ፣ ተማጸነ። አምፖሉ እንደዚያን ቀን ደምቆ አያውቅም።

ሰርጉ ተጀመረ። ናርዶስ ከቤት ስትወጣ ድንኳኑ በእልልታ ተቀወጠ። ራሔል ሚዜዎቹን ተከትላ ትከሻዋን መታች። ጂብሪል ማጨብጨቡ ባልገባው ቦታ ሁሉ ያጨበጭባል። ከዚያ ጉልበት መሳሚያው ደረሰ። ሰው ሁሉ ተቀመጠ። ዘርፈሽ ልትነሣ ነጠላዋን አስተካከለች። ናርዶስ ቬሏን ሰብሰብ አደረገች፤ አዲሱ ዴክ አንዲት "እክ" አለና አለፈ።

ናርዶስ ጎነበሰች። ግድግዳ በሚያክለው ቴሌቪዥን፣ በአዲስ ድምፅ ማጉያ፣ ወይንሸት ጉልበት ላይ ተደፍታ "እማዬ" አለች።

አንዲት ሴት እልል ማለት ጀምራ መሃል ላይ ዋጠችው። ሃምሳ ሰው ዘርፈሽን ላለማየት መሬት መሬት አየ። ዘርፈሽ ግማሽ እንደተነሣች ቀረች፤ አልቆመች፣ አልተቀመጠች። አያሌው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ባልጠላ ነበር።

ስክሪኑ ላይ ናርዶስ ቀና አለች። ፊቷ እንግዳ ሆኗል። ቀጥ ብላ ወደ ካሜራው ዞረች፣ ወደነሱ፣ አፏን ከፈተች፣ ቆመች። ሲዲው እዚያ ላይ ያዘ።

ከዚያ ዘርፈሽ "ምን ልትል ነው?" አለች።

ወደ አያሌው ዞረች።

"አያሌው! ምን ልትለኝ ነው? አስኪደው!"

ትናንት አቁምልኝ ብላ የለመነችው ሴት! አያሌው እየተደናቀፈ ሄዶ ሲዲውን አወጣ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መለሰ። እዚያው ቆመ። አሮጌ ዴኩን ቀጠለ፤ እሱማ ከመጎንበሷ በፊት ነው የሚያቆማት። ወደ አዲሱ ተመለሰ። እንደገና አፏ ተከፍቶ፣ ዓይኗ እነሱ ላይ፣ ድርቅ። ዘርፈሽ አጠገቡ መጥታ ቆመች።

"እዚያ ድረስ አይቼው አላውቅም" አለች በሹክሹክታ። "እማዬ ስትል ነው ያጠፋሁት። ቀጥላ ምን እንዳለች አላየሁም።"

"እኔም አላየሁም" አለ አያሌው። ላቡ ከእንባው ተቀላቅሏል። "እትዬ ዘርፈሽ፣ ጭረቱ ሰፍቶብኛል። እዚህ ድረስ የደረሰው የኔ መርፌ ነው።"

"ኧረ ትመርቅና እንብላ!" አለ አቶ ጥጋቡ ከድስቶቹ ወዲያ።

"ምን እንዳለችኝ ሳላውቅ አልመርቅም" አለች ዘርፈሽ። ዘርፈሽ ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ የሰማ ያን ቀን ነው የሰማው።

ራሔል ናት ብልሃት ያመጣችው። "ለምን ደውለሽ አትጠይቂያትም? ደብረ ታቦር ስልክ የለም?"

ሃምሳ ሰው ሃምሳ ስልክ ይዞ ይህን አለማሰቡ! ዘርፈሽ ሲዲው ከደረሳት ጀምሮ ለልጇ ደውላ አታውቅም፤ ያቺ "እማዬ" ከልክላታለች። ደወለች። ድምፁን ለሁሉም ከፈቱት።

"ዘርፍዬ!" አለች ናርዶስ፤ ከኋላዋ ባጃጅ ይጮኻል። "የት ጠፋሽ? ሲዲው አልደረሰሽም ብዬ ነበር።"

"ደርሶኛል። ናርዲዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጉልበት ከሳምሽ በኋላ ወደ ካሜራው ዞረሽ የሆነ ነገር ትያለሽ። ምን ነበር ያልሽው?"

"እኔ እንጃ። ብዙ ነገር ነው የሆነው፣ ጫማውም ጠቦኝ ነበር። ቆይ... አጥፋው ነው ያልኩት።"

"ማንን?"

"ካሜራ ማኑን። ከእማዬ አጠገብ ላንቺ ወንበር አስቀምጠውልሽ ነበር፣ ባዶውን። ጎንበስ ስል አላየሁትም፤ ቀና ስል አየሁት። እንባዬ መጣ፣ ኩሌ ሊፈስ ሆነ። አጥፋው፣ ዘርፌ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ አልኩት። አላጠፋውም እንዴ?"

ሰው ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ከወይንሸት ቀኝ፣ የሙሽራዋ ቬል ግማሹን የሸፈነው፣ ነጠላ የለበሰ ወንበር አለ። ያ ሁሉ ሰው፣ አያሌውም ጭምር አራት ቀን ሙሉ ሲያይ ከርሞ፣ ወንበሩን ማንም ልብ አላለውም። አቶ ጥጋቡ ኮፍያውን አወለቀ።

"ዘርፍዬ? ምን ሆናችሁ? ለምን ዝም አላችሁ?"

"ምንም አልሆንንም" አለች ዘርፈሽ። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቴሌቪዥኑ ፊት ሄዳ ቆመች፤ የልጇ ፊት ከሷ ፊት ይበልጣል። "አላጠፋውም። ጎንበስ በይ፣ ልመርቅሽ።"

"እዚህ? አስፋልት ላይ ነኝ እኮ።"

"እዚያው ጎንበስ በይ።"

የባጃጁ ድምፅ አለፈ። ጂብሪል ሳይቀር ተነሥቶ ቆሟል።

"ጎንበስ አልኩ" አለች ናርዶስ።